የማይደክመው ብሎወር

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ማመን ያቃተው አይመን... ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። የመስኮቱ ፀሐይ ጠረጴዛዬ ላይ ተኝታለች። የቢሮው ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቷል።

እኔ ቀርቻለሁ። ምግብ ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሎ ሰንብቷል።

ሥራዬ አንድ ማሽን ከመመረቱ በፊት በኮምፒውተር ሞዴሉን ሠርቶ ሙቀቱን ማስላት ነው። የመጨረሻው ሥራዬ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ፣ ለሳንባ ሕመምተኞች የሚሆን የኦክስጅን ማሽን ነበር። የማሽኑን ኤሌክትሮኒክ ቦርድ የሚያቀዘቅዘው ብሎወር የሚባል ማራገቢያ ነው... በጎኑ አየር ስቦ በአፉ የሚተፋ።

ብሎወር እንደ ሰው ነው። መንገድ ሲጠበው ይደክማል። ሞዴሉ ውስጥ ድካሙም መግባት አለበት።

እኔ አላስገባሁም። ስሌቱ እምቢ እያለ ሲያስቸግረኝ ለሚነፋው አየር አንድ ቋሚ ቁጥር ሰጥቼ ተገላገልኩ። መንገዱ ቢዘጋም የማይደክም ብሎወር!

«ያንተ ብሎወር ከሁላችን በላይ ይሠራል፤ ደሞዝ ይጨመርለት!» አለ አለቃዬ ውጤቱን ሲያይ።

ሳቅን። ፈረመ።

ከሙከራ ማሽኖቹ አንዱን ሳንባዋን ለሚያማት፣ ላሳደገችኝ አክስቴ ለምኜ አሰጠኋት። «ልጄ የሠራው ነው» እያለች ለጎረቤት ሁሉ ታሳያለች።

ያን ቀን ምሳ ሰዓት ግን አላስችል አለኝ። ቋሚውን ቁጥር አጥፍቼ እውነተኛውን ድካም አስገባሁ። ስክሪኑ ላይ ቦርዱ ከሙቀት የተነሳ ቀይ መሆን ነበረበት።

ሰማያዊ ሆነ። ቀዝቃዛ።

ደገምኩት። ሰማያዊ።

ብሎወሩን ጭራሽ ከሞዴሉ ሰረዝኩት...

ሰማያዊ።

ታዲያ ማነው የሚነፋው?

የአየሩን ፍሰት የሚያሳዩትን መስመሮች ስክሪኑ ላይ አወጣሁ። ብሎወሩ ከነበረበት ባዶ ቦታ ይወጣሉ። ይህ ስሌት የሚሰጠው የቆመ ሥዕል ነው፤ አይንቀሳቀስም።

መስመሮቹ ግን ረዘሙ... አጠሩ... ረዘሙ...

ስልኬ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ናት።

«ስማ» አለች በሹክሹክታ። «እማዬን ምን እንደነካት እንጃ።»

«ምን ሆነች?»

«ማሽኑ ግሎ መሽተት ሲጀምር ከሶኬት ነቀልኩት። እሷ ማስኳን አውልቃ በጎኑ ቀዳዳ እፍ ትልበታለች። ከንፈሯ ጠቁሯል።»

በስልኩ ውስጥ «እፍ...» ሰማሁ።

ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ ረዘሙ።

«መጠባበቂያውን የኦክስጅን ሲሊንደር ስጫት! ጎትቻት!»

«ጎተትኳት እኮ! ‹ተይኝ፣ የልጄ ሥራ ተቃጠለ እንዳይባል› ነው የምትለው።»

«ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊው።»

ትንፋሿ መጣ። ደረቅ... ቁርጥርጥ ያለ...

«አክስቴ፣ ተይው። ጥፋቱ የኔ ነው። እያወቅሁ ነው ያለፍኩት። ይቃጠል።»



«እያወቅህ?» አለች።



እፍታው ቆመ። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ቀላ። መስመሮቹ አንድ በአንድ ጠፉ።

«ጋደም አለች» አለች ልጇ። «ማስኩን አድርጌላታለሁ። ሲሊንደሩም ተከፍቷል።»

«ትተነፍሳለች?»

«ቆይ...»

ቆየሁ።

«ደረቷ... አይነሳም...»

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ስክሪኑ ላይ ብሎወሩ ወደነበረበት ባዶ ቦታ አፌን አስጠግቼ ነፋሁ። እፍ...

የስክሪኑ መስታወት እንፋሎት አልያዘም። ትንፋሼ የሆነ ቦታ ገባ።

አንዲት ቀጭን ሰማያዊ መስመር ቀዩን ሰንጥቃ ወጣች።

«ተነሳ!» ብላ ጮኸች። «ደረቷ ተነሳ!»

አየር ለመሳብ ቀና አልኩ።

«ወረደ... ወንድሜ፣ ወረደ...»

ጎንበስ አልኩ። እፍ...

«ተነሳ!»

ከኋላዬ በሩ ተከፈተ። ምሳ ወጥቶ የነበረው ሰው እየሳቀ ገባ። ሳቁ ድንገት ቆመ።

«አንተ ልጅ» አለ አለቃዬ ቀስ ብሎ። «ምን እያደረግህ ነው?»

መልስ ለመስጠት መንፋቴን ማቆም ነበረብኝ...