ከቀልዱ ቀድሞ የሳቀው ሰው

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን በዚያ ቀን እዚያው የቲያትር መድረክ ላይ የሚዜ ሱፍ ለብሼ ቆሜ ነበር።

በዓይኔ ያላየሁትን የነገረኝ ውድነህ ራሱ ነው። ውድነህ ደግሞ ወሬ የሚያጋንን ሰው አይደለም። ቀልድ የሚጽፈው ወረቀት ላይ ነው እንጂ ሲያወራ እንደ ዳኛ ነው።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 2006፣ በጥቅምት ወር፣ እሑድ። ሰዓቱ በእኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጨለማ የለም፣ ጅብ አይጮህም። ዴንቨር ላይ ፀሐይዋ ቦግ ብላ ወጥታ ነበር...

ሰው ሌሊቱን ይፈራል። እኔ ከዚያ ወዲህ የምጠላው የእሑድ ከሰዓትን ነው።

ውድነህ ሥራው የሆቴል ሻትል መንዳት ነው። እንግዳ ለመቀበል ኤርፖርት ቆሞ ሲጠብቅ፣ መሪው ላይ ደብተር አስደግፎ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ኮሜዲ ጻፈ። ስሙን "ደብል ሺፍት" አለው። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው በገዛ ሠርጉ ላይ እንቅልፍ ሲጥለው የሚያሳይ ነው። ከዴንቨር ጎን ባለችው በእኛዋ ኦሮራ ውስጥ ይህ እኔን አይመለከተኝም የሚል ሐበሻ ካለ ያሳዩኝ።

የተከራየነው አዳራሽ ብሮድዌይ ከሚባለው የዴንቨር ጎዳና ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ነበር። ውድነህም በኒውዮርኩ ሞክሼው፣ በዝነኛው የቲያትር ጎዳና እየቀለደ፣ ፖስተሩ ላይ "ኦፍ ብሮድዌይ ኮሜዲ" ብሎ ጻፈበት። ፖስተሩ ሃቫና ስትሪት ባሉት የሐበሻ ሱቆች በር ላይ ሲለጠፍ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ትኬቱ በዘጠኝ ቀን አለቀ። ሰው ሺፍት ተቀያየረ፣ ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሳይቀር ተደወለ። ከቅዳሴ በኋላ ሰላምታው ሁሉ "ትኬት አገኘህ?" ሆነ።

እንደዚያ ያለ ጉጉት አይቼ አላውቅም።

ዋናዋ ተዋናይ ብርቅነሽ ነበረች፤ ሙሽራዋን ሆና የምትጫወተው። ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ትረዳለች። በዚህ አገር ያላት ዘመድ አንድ ወንድሟ ብቻ ነው፣ ቀጸላ። ከስደተኛ ካምፕ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የመጡት። ቀጸላ ትራክ ነጂ ነው። እሱ እየነዳ፣ እሷ በስልክ ቃለ ተውኔቷን ስታጠና ስድስት ወር ከረሙ። ቲያትሩን ከእኛ ይልቅ እሱ በቃሉ ያውቀዋል ማለት ይቻላል።

ለመክፈቻው ቀን እመጣለሁ ብሎ ምሎላት ነበር።

ብርቅነሽ ጠዋት መጥታ ሦስተኛው ረድፍ ዳር ያለው ወንበር ላይ ሰማያዊ ሻሿን ጣለች። በር የሚጠብቁትን ጋሽ ረዘነን ማንም እንዳይቀመጥበት አደራ አለቻቸው። ጋሽ ረዘነ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ቃላቸውን የማያጥፉ ሽማግሌ ናቸው።

አምስት ሰዓት ላይ የውድነህ ስልክ ጮኸ።

ከጎረቤታችን ክፍለ ግዛት ከዋዮሚንግ፣ ፖሊስ ነበር። ጎህ ሳይቀድ በረዶ ላይ ትራክ ተገልብጧል። ነጂው ሞቷል...

ብርቅነሽ ሥራ ላይ ስልኳን ስለማታነሳ፣ ቀጸላ ችግር ቢደርስ ይደወልለት ብሎ ያስመዘገበው የውድነህን ቁጥር ነበር።

ውድነህ የያዘው መጋረጃ ከእጁ ወደቀ። መጀመሪያ የደወለው ለእድራችን ሰብሳቢ ለአቶ ወልደየስ ነው። የእኛን ወግ ታውቃላችሁ። መርዶ እንደ ተገኘ አይወረወርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ሴቶች ይዘጋጃሉ፣ ጎህ ሲቀድ ተሂዶ ይነገራል። የድንገት መርዶ ሰው ይጥላል።

"ዛሬ አይነገራትም" አሉ አቶ ወልደየስ። "ትጫወት። ነገ ማለዳ እንሄዳለን።"

አሁን ውድነህ አልቅሶ የነገረኝን ልንገራችሁ። ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ቲያትሩ ተረፈ ብሎ ደስ አለው። ወዲያው በራሱ አፈረ፤ ግን ሄዶ አልነገራትም።

የእኛ ሰው ምስጢር ሲጠብቅ መቼም ታውቁታላችሁ። በስምንት ሰዓት እኔን ጨምሮ ከአሥር በላይ ሰው ያውቅ ነበር። ፊቷን ፓውደር እየቀባናት ዓይኗን እንሸሻለን።

"ቀጸላ ስልክ አያነሳም" አለች።

"ኔትዎርክ አይኖረውም፣ ዋዮሚንግ እኮ ነው" አላት ውድነህ።

እጇ ጆሮ ጌጧ ላይ ቆመ።

"ዋዮሚንግ መሆኑን ማን ነገረህ?"

"አንቺ ነሻ... ትናንት።"

ትንሽ አሰበችና "ይሆናል" አለች።

መጋረጃው ተከፈተ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ቦታ ያጣ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ገና ከመጀመራችን ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ውድነህ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ እፎይ አለ።

ከዚያ አንዲት ቦታ ላይ ደረስን። የሙሽራው አባት ወደ ብርቅነሽ ዞሮ "ለመሆኑ ይህ ልጅ የሚተኛው መቼ ነው?" ይላታል። እሷ "ሲያገባ!" ትላለች። ሳቁ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው።

አባትየው ጠየቀ። ብርቅነሽ ገና አፏን አልከፈተችም...

አንድ ሰው ሳቀ።

ወፍራም የወንድ ሳቅ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሳል ያቋርጠዋል። ከዚያ እሷ "ሲያገባ!" አለች፣ አዳራሹም ተከትሎ ሳቀ።

አጋጣሚ ነው አልኩ። ግን ሁለተኛው ቀልድ ላይም ቀድሞ ሳቀ። ሦስተኛው ላይም።

ቲያትሩ በዚያ ቀን ገና መታየቱ ነው። ቀልዱን አስቀድሞ የሚያውቅ ተመልካች አልነበረም።

ውድነህ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ሦስተኛውን ረድፍ አየ። ወንበሮቹ የድሮ ናቸው፤ ሰው ሲነሳ መቀመጫው ራሱ ወደ ላይ ይታጠፋል። ያ ወንበር ከጠዋት ጀምሮ ታጥፎ ሻሽ ተጥሎበት ነበር።

አሁን ተዘርግቷል። ሻሹ ተጣጥፎ መደገፊያው ላይ ተቀምጧል።

የተቀመጠበት ሰው የለም።

ከጎኑ ያለው ሰውዬ የኮቱን ኮሌታ ወደ ጆሮው ስቦ ወደ ሌላው ጎን ተጠግቷል። ቆየት ብሎ ያንን የመሰለ ቦታ ትቶ ተነሳና ሄዶ ግድግዳ ጋ ቆመ። የለቀቀውን ወንበር ማንም አልሻማበትም።

ጋሽ ረዘነ በጓሮ በኩል መጡ። ትንፋሻቸው ይቆራረጣል።

"ውድነህ... እኔ ማንንም አላስገባሁም።"

"ምን ሆኑ ጋሽ ረዘነ?"

"ምንጣፉ ረጥቧል። ከበሩ እስከዚያ ወንበር... የጫማ ዱካ ነው።"

"ውኃ ይሆናል።"

"በእጄ ነካሁት" አሉ። "በረዶ ነው።"

ውጭ ሰው በሸሚዝ ይሄድ ነበር።

ዕረፍት ሆነ። ብርቅነሽ ላብ በላብ ሆና፣ ፊቷ በርቶ ገባች።

"መጣልኝ አይደል?" አለችው ውድነህን። "ሳቁን ሰማኸው? ላይቱ ዓይኔን እየወጋኝ ፊቱን ማየት አልቻልኩም።"

ውድነህ ዞሮ አየን። ሁላችንም አጎነበስን። አቶ ወልደየስ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አይሆንም ለማለት።

መንገር የነበረበት ያኔ ነበር። አሁንም ድረስ ያኔ ነበር ይላል።

"አዎ" አላት። "መጥቷል።"

ያን ቃል ለማጽናናት ነው የተናገረው። ከአፉ ሲወጣ ግን ክፍሉ ቀዘቀዘ። መስሎኝ አይደለም፤ የአፋችን ትንፋሽ እንደ ጉም ታየ። ብርቅነሽ ብቻ ምንም ያስተዋለች አትመስልም፤ እየሳቀች አበባዋን አስተካከለች።

በሁለተኛው ክፍል ቀድሞ የሚመጣው ሳቅ ጠፋ።

መጥፋቱ ይባስ አስፈራኝ። ሰው ሁሉ ሲንከተከት የዚያ ወንበር አካባቢ ብቻ ጭጭ ይላል። ውድነህ ከመጋረጃው ጀርባ ይህን ቲያትር የጻፍኩበትን እጄን በቆረጠው እያለ ይጸልይ ነበር። ማቋረጥ ይችል ነበር። አላቋረጠም።

የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ብርቅነሽ ለብቻዋ መድረኩ ፊት ቆማ ለሕዝቡ ታወራለች። ተኝቶ የቀረባትን ሙሽራ እያማች ነው። መሐል ላይ ድንገት ቆመች።

ረሳችው ብዬ ከጎን በኩል ቃሉን በሹክሹክታ አቀበልኳት።

እጇን አነሳችብኝ። ቆይ ለማለት።

ከዚያ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ጎንበስ አለች። በሠርግ ጫጫታ መሐል ጆሮዋ ላይ የሚነገራትን እንደምትሰማ ሴት።

ሰማሁ እንደማለት ራሷን ነቀነቀች።

ቆየችና እንደገና ነቀነቀች...

"ሁሉም ያውቃሉ?" አለች ቀስ ብላ።

ሕዝቡ የቲያትሩ ክፍል መስሎት በሳቅ አውካካ። መድረክ ላይ የነበርን ሰዎች ግን ይህ ቃል ቲያትሩ ውስጥ እንደሌለ እናውቃለን።

ብርቅነሽ ቀና አለች። የቀረውን ቃል አንድም ሳታስቀር ተጫወተችው። እንደዚያ ሲጫወት ያየሁት ተዋናይ የለም። ሰው ሆዱን ይዞ እስኪያነባ ሳቀ፣ ቆሞ አጨበጨበ፣ አፏጨ። እሷ አንዴ እጅ ነስታ ገባችና የልብስ መቀየሪያውን በር ከውስጥ ዘጋችው።

አቶ ወልደየስ ሁሉን አሰናድተው ነበር። ምክንያት ተፈልጎ ሴቶች አብረዋት ያድራሉ፣ ስልኳ ይደበቃል፣ ማለዳ ይነገራታል። ሴቶቹ ለቲያትር እንደለበሱ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈው ጠበቁ።

በሩ ተከፈተ።

ፊቷን ታጥባለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች።

ማንም ምንም አላላትም ነበር። ይህን በማርያም ስም እምላለሁ፤ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም።

"ልጄ..." ብለው ጀመሩ አቶ ወልደየስ።

"ይተዉት አባባ" አለቻቸው። "ነግሮኛል።"

ውድነህ እግሯ ላይ ወደቀ። ይቅር በይኝ ይላል፣ ለቲያትሬ ብዬ ነው ይላል፣ እኔ ውሻ ነኝ ይላል። በክንዱ ይዛ አንስታ ወደ ክፍሉ አስገባችው። ትጮህብኛለች፣ በጥፊ ትለኛለች ብሎ ነበር። እሷ ግን የጉልበቱን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ አራገፈችለት።

"ጨርሺው ያለኝ እሱ ነው" አለች። "ውድነህ ደክሞበታል፣ እንዳታበላሺበት አለኝ።"

ይህን ሲሰማ ውድነህ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እዚያ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። እሱ ግን እንባውን እየጠረገ ጠየቃት።

"ሌላስ... ምን አለሽ?"

ብርቅነሽ ቀና ብላ አየችው።

ያንን አስተያየት ውድነህ ወዲያው አወቀው። ከጠዋት ጀምሮ እኛ እሷን ስናይበት የዋልነው ነው፤ እያዘነ የሚሸሽ ዓይን።

ጠረጴዛው ላይ ለተዋንያን የመጣ ዳቦ ነበር። ቆርሳ ወደ አፉ አቀረበችለት።

"መጀመሪያ እህል ቅመስ" አለችው።

"ብርቅነሽ... ማነው?"

"ቅመስና።"

እናቱ ደሴ ናት። ሚስቱ ሥራ ላይ ናት። ልጁ ሞንትቤሎ ሰፈር ጎረቤት ቤት ናት። ወንድሙ ዳላስ ነው። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አሰባቸው። እገሌ ብሎ ለመጥራት ግን ምላሱ አልታዘዝ አለው።

ወደ አቶ ወልደየስ ዞረ። አጎንብሰዋል። ወደ ጋሽ ረዘነ ዞረ። ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። ወደ እኔ ዞረ...

እኔ በውድነህ ስለደረሰው ምንም አላውቅም ነበር። ግን አንገቴ በራሱ ጊዜ ተሰበረ። ቀና ልበል ብል አልቻልኩም።

ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሴቶች፣ አንዳቸውም ለሌላዋ ምንም ሳይናገሩ፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ዘቅዝቀው ለበሱ። አንድ በአንድ ገቡ። ብርቅነሽን አልፈዋት ሄደው ውድነህን ከበው መሬት ላይ ተቀመጡ።