ጀርባዋን የሰጠች ቲዩብ

ሙስዓብ የሞተው ማር እየበላ ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከባጃጅ ነጂው እስከ ዓሣ ሻጩ ሌላ ወሬ አልነበረም። ኢንስፔክተር ስህን ከደሴ ስትደርስ ወሬው ቀድሟት ተጠርጣሪ መርጦ፣ ፈርዶ፣ ቅጣቱን ብቻ አስተርፎ ጠበቃት።

እሷ ግን ወሬ የምትሰማው አስከሬኑን ካየች በኋላ ነው። ሙስዓብ ከውሃው ዳር በተከራየው አዳራሽ ውስጥ፣ በሥራ ጠረጴዛው ላይ ግንባሩን እንደደፋ ነበር። በቀኙ የተቆረሰ ዳቦ፣ ከዳቦው አጠገብ ደግሞ ወገቡ የተጨመቀ የማር ቲዩብ አለ። ገና ጎልማሳ ነው። ጫማውን አውልቆ በካልሲ ተቀምጦ ነበር። ሰው ጫማውን የሚያወልቀው ቤቱ እንዳለ ሲሰማው ነው።

«የተባይ መርዝ ነው» አለ ምክትሏ ማህዲ። «ሐኪሙ ከሽታው ለይቶታል። ገዳይዋንም ይዘናል። ኑርሀያት ትባላለች፤ ክዳን ገጣሚዋ። ትናንት ሲጨቃጨቁ ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ገዳይዋ? ፍርድ ቤቱ ዛሬ ከጎህ በፊት ነው የዋለው?»

ማህዲ አንገቱን አቀረቀረ እንጂ ሐሳቡን አልለወጠም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ማህዲ ሞኝ አይደለም፣ መልቀቁ ላይ ግን ወረቀትን ይመስላል።

የዚህን ሞት ነገር ለመረዳት የሟቹን አመል ማወቅ ያስፈልጋል። ሙስዓብ ጂዳ ውስጥ በማሸጊያ ፋብሪካ ሲሠራ ኖሮ ሲመለስ፣ የአምባሰልን ማር ከጥቁር አዝሙድ ጋር አዋሕዶ እንደ ጥርስ ሳሙና በሚጨመቅ ቲዩብ የመሸጥ ሐሳብ ይዞ መጣ። ቲዩቡን ራሱ ነደፈው። በአንዱ ገጽ አማርኛ፣ በሌላው ዓረብኛ ተጽፎበታል፤ በቀለምና በሥዕል ሁለቱ ገጾች አይለያዩም። ክዳኑ ተነቅሎ የሚጠፋ ዓይነት አይደለም። ከኋላው ማጠፊያ አለው፤ ከፊቱ ደግሞ በአውራ ጣት የሚነሣ ትንሽ ከንፈር። ያ ከንፈር ከአማርኛው ጽሑፍ ጋር ትክክል መዋል አለበት። በመጫኛ መሣሪያ ተጭኖ አንዴ «ቀጭ» ካለ አይዞርም፣ አይነቀልም። ሙስዓብ በዚህ ነገር ሰው እስኪሰለቸው ድረስ ይነዘንዝ ነበር። «እንግዳ ተቀብሎ ጀርባ መስጠት ነውር ነው፤ ክዳንም እንደዚያው» ይላል። የተዛነፈች ቲዩብ ለገበያ አትወጣም። ቅርጫት ውስጥ ትጣልና እሱ ራሱ በዳቦ ቁርሱን ያደርጋታል።

«ይቺን ይመልከቱ» አለ ማህዲ፣ ቲዩቧን በጓንት አንሥቶ። «ከንፈሯ በዓረብኛው በኩል ነው። የተበላሸ ሁሉ የእሱ ቁርስ መሆኑን ኑርሀያት ታውቃለች። መርዙን ጨምራ ክዳኑን ሆን ብላ አዞረችው። በገዛ ደንቡ ገደለችው።»

መጥፎ ሐሳብ አልነበረም፤ ስህንም በልቧ አደነቀችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛውን መረመረች። ከፋብሪካ በቲዩቧ አፍ ላይ ተለጥፎ የሚመጣው ብልጭልጭ ሽፋን ተልጦ ከዳቦው ፍርፋሪ መካከል ወድቋል። ሙስዓብ ራሱ ለመብላት ሲል የላጠው ነው። መርዙ በአፏ በኩል አልገባም ማለት ነው። ጅራቷ ደግሞ በሙቀት ተጣብቆ ቀጥ ብሏል፤ መጨማደድ የለው፣ ማረር የለው።

«ቅርጫቱን አምጣልኝ።»

ቅርጫቱ ውስጥ የተጣሉትን ቲዩቦች እያነሣች አየች። የአንዷ ከንፈር ቅንጣት ወደ ቀኝ፣ የሌላዋ ቅንጣት ወደ ግራ አዘንብሏል። ሁሉንም አይታ ስትጨርስ መለሰቻቸውና ያሰበችውን ሳትናገር ወደ ጣቢያው አመራች። ማህዲ ከአለቃው አመል ሁሉ የማይወደው ይህን ነው።

ኑርሀያት በፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላዋን አገጯ ሥር ጨምድዳ ተቀምጣ ነበር።

«ትናንት በምን ተጣላችሁ?» አለቻት ስህን።

«ሥራው ሊዘጋ ነው ሲሉ ሰምቸ ነው። ንገረኝ አልኩት፤ አይዘጋም አለ። ዋሽተኸኝ እንደሁ አልምርህም ብየ ጮህኩበት። ወላሂ ሌላ ነገር የለው።»

«ለአንድ ሥራ ይህን ያህል?»

ልጅቱ ቀና ብላ አየቻት። «እርስዎ ደሞዝ አለዎት። እኔ በአፋሯ ሎግያ አድርጌ፣ ባሕሩን ተሻግሬ፣ የመንን በእግሬ አቋርጬ ነው ሳዑዲ የገባሁ። እስር ቤት አከረሙኝና በአውሮፕላን አምጥተው ጣሉኝ። እዚህ የምንሠራ ስምንታችንም እንዲሁ ነን። ይህ ሥራ ባይኖር የሚቀረን ያው መንገድ ነው። እንጀራየን ልመርዘው?»

«ክዳኑን አዙራ ገጠመች ይላሉ።»

«እኔ?» አሁን ገና ተቆጣች። «ዓይኔን ጨፍኜ ብገጥመው አይዞርብኝም። ሲደክመኝ ቅንጣት ይዛነፋል እንጂ ጀርባውን አይሰጥ!»

«ጅራቱንስ ማን ነው የሚያጣብቀው?»

«አያ ሀሚዱ፤ የሙስዓብ አጎት። ሌላ ሰው ማሽኑን ከነካው ያሳርረዋል። ካሊድ አንድ ቀን ሞክሮ አዳራሹን ጭስ በጭስ አደረገው።»

ካሊድ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከለቅሶም ከጫትም ሊሆን ይችላል። «ማሽኑን ሸጠን እንካፈል ብየዋለሁ፤ አልክድም» አለ። «ወንድሜን ግን በብረት አልለውጠውም።» ከአምባሰል ማር የሚያቀርበው ሙሉጌታ ደግሞ ሳይጠየቅ ቂሙን ተናገረ። «ማርህ ስኳር አለበት ብሎ በሰው ፊት አዋርዶኛል። ተቀይሜው ነበር፤ መቀየም ኃጢአት እንጂ ወንጀል አይደለም። ደሞም እኔ ማሬን በር ላይ አራግፌ ነው የምመለሰው። ውስጡን አላውቀውም።»

የቀሩት ሀሚዱ ነበሩ። አዳራሹ በር ላይ ፖሊስ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጥፏል፤ ሽማግሌው ግን በሩን ገፋ አድርገው ሲገቡ ስህን ደረሰችባቸው።

«አያ ሀሚዱ፣ ወረቀቱን አላዩትም?»

«አየሁት። ምን ይላል?»

ነገረቻቸው። «አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ አፍረው። «መስገጃየን ልወስድ ነበር። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቁርኣን ነው የቀራሁ።»

ከገቡ አይቀር ማሽኑን እንዲያሳዩአት ጠየቀቻቸው። ቲዩቦቹ ባለ ቀዳዳ ሣጥን ውስጥ ራሳቸውን ወደ ታች ቀብረው፣ ክፍት ጅራታቸውን ሽቅብ አድርገው ይደረደራሉ። ማሩ በጅራታቸው ይሞላል፤ ከዚያ ሀሚዱ ያጣብቃሉ።

«ራሷን አላያትም» አሉ ሽማግሌው። «ገጥመው፣ ቀብረው ያመጡልኛል፤ አጣብቄ እሰዳለሁ። እኔ ጅራቷን ነው የማውቃት።»

«ቀምሰዋትም አያውቁ?»

«ስኳር አለብኝ።»

«ልጅ አለዎት?»

ሀሚዱ ማሽኑን በእጃቸው ዳበሱት። «አንዲት ናት። ሪታጅ። ከአገር ከወጣች ሰንብታለች።»

«አላህ በሰላም ይመልስልዎት።»

ሽማግሌው በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ተመለከቱ፤ አልመለሱላትም። ስህን ወሎ ውስጥ ተወልዳ ያደገች ናት። በዚህ አገር ዱዓ ተደርጎ አሚን የማይል ሰው የለም፤ ባለጋራው እንኳ ቢመርቀው አሚን ብሎ ነው ወደ ጠቡ የሚመለሰው። አንድ አባት ለልጁ መመለስ አሚን ማለት እንዴት ያቅተዋል? ጥያቄውን ይዛ ወደ ካሊድ ተመለሰችና ስለ አጎቱ ልጅ አንድ ነገር ጠየቀችው። የሰጣትን መልስ ለማህዲም አልነገረችው። 

አስከሬኑ ተመርምሮ ቀብሩ በተፈጸመ ማግስት ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ካሊድን፣ ሙሉጌታን፣ ሀሚዱን፣ ሰባቱን ሠራተኞች፣ ከጣቢያ የመጣችውን ኑርሀያትንም። ጠረጴዛው ላይ ባዶ ቲዩቦችና ክዳኖች ነበሩ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለች ስህን። «ሽፋኑን ሟቹ ራሱ ስለላጠው መርዙ የገባው ጅራቷ ሳይጣበቅ ነው። ጅራቷ ደግሞ ቀጥ ብሎ ተጣብቋል። ካሊድ ቢያጣብቃት ኖሮ ታርር ነበር። ሙሉጌታ ማሽኑን አያውቀውም። እዚህ ላይ አንስማማም ማህዲ?»

«እንስማማለን» አለ ማህዲ። «ግን ክዳኑን ያዞረችው ኑርሀያት ናት። ሙስዓብ እንዲበላው።»

«ቅርጫቱን አየህ አይደል? የተዛነፉት ሁሉ ቅንጣት ነው የተዛነፉት። ኑርሀያት ብልሹ አስመስላ ልታቀርብለት ብትፈልግ እንደ ሌላው ጊዜ ቅንጣት ታዛንፋት ነበር፤ ያን ያየ ማንም አይጠረጥርም። ይቺ ግን ድፍን ዞራለች፤ የዓረብኛው ጽሑፍ ልክ መሐሉ ላይ ነው ከንፈሯ የዋለው። በጥንቃቄ ነው የተገጠመች። የገጠማት ሰው ትክክል የሠራ መስሎታል።»

 ስህን ቲዩቦቹን ገፋ አደረገችላቸው። «እስቲ ክዳን ግጠሙልኝ።»

ካሊድ በአማርኛው በኩል ገጠመ። ሙሉጌታ አገላብጦ አየና ማንበብ የሚችለውን ገጽ ወደ ራሱ አዞረ፤ እሱም በአማርኛው በኩል አደረገው። ሀሚዱ ቲዩቡን አነሡ። አዞሩት፣ ዓረብኛውን አገኙ፣ ክዳኑን ወደዚያው አስጠጉ። ከዚያ የሰው ሁሉ ዓይን እጃቸው ላይ መሆኑን አዩና ቆሙ።

«ፊት ማለት ለሰው የሚያነበው ገጽ ነው» አለች ስህን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እዚህ ቤት ሁሉም ሰው ክዳን በየት በኩል እንደሚውል ያውቃል፤ ራሷን አይተዋት ከማያውቁት ሰው በቀር። ቲዩቧን የሠራው ጅራቷን እንደ ባለሙያ የሚያጣብቅ፣ ራሷን ግን የማያውቅ ሰው ነው። እሱም አንድ ብቻ ነው።»

«አጎቴ?» ካሊድ ተነሣ። «አያ ሀሚዱ አይደለም እንዴ ያሳደገን! ለምን ብሎ?»

«እኔ ስጠይቅህ ምን አልከኝ? ሪታጅን ሰው ከሚያሻግረው ደላላ ጋር ያገናኛት ማን ነበር?»

ካሊድ መልሶ ተቀመጠ። «ሙስዓብ» አለ።

«አያ ሀሚዱ፣ በሰላም ትመለስ ስልዎ አሚን አላሉም» አለች ስህን። «ለሞተ ሰው መመለስ አሚን አይባልም።»

ሽማግሌው ቲዩቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሲናገሩ የተጫነባቸውን የሚያራግፉ ይመስሉ ነበር።

«የመን ላይ ነው የቀረች። አብራት የነበረች ልጅ ደወለችልኝ፤ ውሃ ጠምቷት ነው የሞተች አለችኝ። መንገዱን የሰጣት እሱ ነው። ስጠይቀው፣ ጂዳ ገብታለች፣ ስልኳ ጠፍቶባት ነው ይለኛል። ሳቅ እያለ ነው የሚለኝ። ልጄን የሙት ሶላት አልሰገድኩባት፤ ለቅሶ አልተቀመጥኩ። በአንድ ገበታ እየበላን ከረምን።» ትንፋሻቸውን ሳቡ። «የሚያመጡልኝ በቁጥር ነውና ሌሊት ብቻየን ከባዶዋ ጀምሬ ሠራኋት። የዚያን ጠዋት ለቁርስህ ብየ ሰጠሁት። አየና ሳቀ። አጎቴ፣ ይቺስ ጀርባዋን ሰጠችኝ አለኝ። ምን ማለቱ እንደሁ አልገባኝም። አሁን ገና ገባኝ።»

ሙሉጌታ በእጁ ፊቱን ሸፈነ። ማህዲ ካቴናውን አውጥቶ፣ ሽማግሌ እጅ ላይ ማሠር ከብዶት፣ እንደያዘው ቆመ። ስህን ትክክል በመሆኗ ምንም ደስታ አልተሰማትም። ይህን ሥራ ስትጀምር እውነት ሲገኝ አንድ ነገር የሚቃና ይመስላት ነበር፤ ከዚያ እምነቷ የቀራት ነገር የለም።

«ኑርሀያት» አለች፣ «ነፃ ነሽ።»

ልጅቱ አልተንቀሳቀሰችም። «ሥራውስ?»

ስህን ወደ ካሊድ ተመለከተች። ካሊድ ራሱን ነቀነቀ። «መርዝ የተገኘበትን ማር ማን ይገዛል? ማሽኑም ቢሆን ከእንግዲህ ዓይኔ እንዲያየው አልፈልግም።»

ከሠራተኞቹ አንዷ መነፋረቅ ጀመረች፤ የቀሩት ግን አላለቀሱም። ሀሚዱ ወደ በሩ ሲሄዱ ኑርሀያት ፊት ሲደርሱ ቆሙ።

«ባንቺ ይመጣል ብየ አላሰብኩም። ወላሂ አላሰብኩም። አፉ በይኝ።»

«ለታሰርኩት አፉ ብየዎታለሁ» አለች ኑርሀያት። «በሙስዓብም ሞት የሚፈርድ አላህ ነው። ግን አያ ሀሚዱ፣ እሱ አንዲት ሪታጅን ነው የላከ። እርስዎ ስምንታችንን ላኩን።»

 ማህዲ የሽማግሌውን ክንድ ይዞ አወጣቸው። ሴቶቹ ሽርጣቸውን እያወለቁ፣ መስኮቶቹን እየዘጉ፣ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ማር ጠርገው ወጡ። ነገ የሚመለሱበት ይመስል አዳራሹን አጽድተው ነበር የሄዱት።

ስህን በደሴ ሆና ሌላ ሬሳ፣ ሌላ መዝገብ ያዘች። ኑርሀያት ረመዳን ሳይገባ በሎግያ በኩል መሄዷን የሰማችው ከማህዲ ነው። እስካሁን አልደወለችም።