አንድ ልጅ ብቻ ያላት ተከራይ

ሌሊት አልነበረም። እሱን ላስቀድም።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ ሰመራ፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ... ውሻ እንኳ ከመኪና ሥር በማይወጣበት ሰዓት ነው የሆነው። ሕልም ነው የሚለኝ ካለ፣ ወላሂ፣ በሕልም የሰው እግር አሸዋ ላይ አይቃጠልም። የእኔ ተቃጥሏል።

ስሜ ኸሊዳ ነው። የወሎ ልጅ ነኝ፤ ሰመራ ውስጥ ቢሮ አጸዳለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ዱብቲ፣ እህቴ ቤት ሆኜ ነው።

ልጆች አሉኝ። ዊዳድ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጣሃ አራት።

ሁለት ናቸው።

እኔ ድሮም ክፉ ክፉው የሚታየኝ ሰው ነኝ። ልጅ ሲተኛ አፍንጫው ሥር እጄን አድርጌ ትንፋሹን የምፈትሽ። ባለቤቴ አገዳ እርሻ ላይ ነው የሚሠራው፤ አልፎ አልፎ ሲመጣ ይስቅብኛል። «አንቺን ሳይዘንብም ጎርፍ ይወስድሻል» ይለኛል።

ሎግያ የነበርንበትን ክፍል አከራዩ ለሚያገባ ልጁ ፈለገውና ውጡ ተባልን። በእኔ ደመወዝ ሰመራ ላይ ቤት መፈለግ ምን እንደሆነ የፈለገ ሰው ያውቀዋል። የሚቀመስ ዋጋ ሲገኝ ደግሞ ያቺ ጥያቄ ትመጣለች።

«ስንት ልጅ አለሽ?»

ሁለት ስል በሩ ይዘጋል። ልጅ ውሃ ይጨርሳል። ልጅ ግድግዳ ላይ ይጽፋል። ልጅ ይጮኻል። አንዷማ ፊት ለፊቴ «ድመት ቢሆን እሺ» አለችኝ።

አንድ ቀን ደላላው ትግሉ ባጃጅ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ስሚኝ እህቴ። አንድ በይ።»

«ሁለተኛውንስ የት ላድርገው?»

«አንቺ ከገባሽ በኋላ ይገባል። ሶፋም እኮ በኋላ ነው የሚገባው።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ... አላህ ይቅር ይበለኝ።

ግቢው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። ክፍሎቹ በአንድ መስመር ተደርድረዋል፣ በየበሩ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። አከራይዋ እትዬ አስረሳሽ ይባላሉ። ቀጭን ናቸው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ነው የሚያወሩት። የመጨረሻውን ክፍል ከፈቱልኝ።

ቀዝቃዛ ነበር።

ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ማራገቢያ የለውም። ውጪው እሳት ነው። ክፍሉ ግን... እጄን ጉድጓድ ውስጥ የከተትኩ መሰለኝ።

«ስንት ልጅ አለሽ?» አሉኝ።

ሲጠይቁኝ እኔን አላዩኝም። ባዶውን ክፍል ነበር የሚያዩት።

«አንድ። ሴት ልጅ።»

«ግቢና በይው።»

«ምን አሉኝ እትዬ?»

«ውስጥ ገብተሽ በይው።»

ግራ ገባኝ። ግን ቤት የቸገረው ሰው ምን የማይለው ነገር አለ? ገባሁ። ግድግዳውን እያየሁ «አንድ ልጅ ነው ያለኝ» አልኩ።

ቁልፉን ሰጡኝ። ውሃ አታባክኚ እንኳ አላሉኝም።

ጣሃን ሲመሻሽ ከልብስ ጋር ታቅፌ አስገባሁት። ጎረቤቴ ነኢማ አየችን። ሻይ ትሸጣለች፤ እሷም አንድ ሴት ልጅ ይዛ ነው የምትኖረው። ጣሃን ጉንጩን ቆንጠጥ አደረገችውና በሹክሹክታ «አይዞሽ፣ እኔ ዕውር ነኝ» አለችኝ።

በጣም ወደድኳት።

ዊዳድን አስጠናኋት። «ሰው ከጠየቀሽ፣ ለእናቴ ብቸኛ ነኝ በይ።»

«ጣሃስ?»

«ጣሃን ዝም በይው። ለትንሽ ጊዜ ነው።»

ጣሃ ሎግያ እያለን ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የሚጮህ ልጅ ነው። ጥሩምባውን በአፉ ያሰማል። እዚያ ክፍል ከገባ ጀምሮ ግን...

ዝም አለ።

መጀመሪያ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ልጄ ገባው፣ ችግራችንን አወቀ ብዬ።

ከዚያ ላቡን አጣሁት።

ሰመራ ሰው ሳያልበው ውሎ አያውቅም። ሲጨልም ከክፍሉ ወጥተን መታጠቢያ ቤት ስወስደው ዊዳድ አንገቷ ይርሳል፣ የእኔ ሻሽ ይርሳል። የጣሃ ግንባር ደረቅ ነው። ደረቅና ቀዝቃዛ። ውሃ ስሰጠው ይቀበለኛል፤ ስመለስ ኩባያው እንደሞላ ነው።

«ጠጣ እንጂ የኔ አባት።»

ያየኛል። አይናገርም።

ማታ ጎረቤቱ ሁሉ አልጋውን እያወጣ ግቢው ውስጥ ይተኛል። እኛ ብቻ ውስጥ ነን፣ ጣሃ እንዳይታይ። እጄን አፍንጫው ሥር እያደረግሁ ነው የማነጋው። ትንፋሹ አለ። ግን እንደ ሩቅ ነገር ነው... ከአጠገቤ ሳይሆን ከግድግዳው በኩል የሚመጣ ይመስለኛል።

ጤና ጣቢያ ልወስደው አሰብኩ። ግን እትዬ አስረሳሽ ሁልጊዜ የግቢው በር ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት። ቢያዩኝስ? ብንባረርስ? ነገ፣ ነገ አልኩ።

አንድ ከሰዓት ነኢማ ብስኩት ይዛ መጣች። ለዊዳድ ሰጠቻት። ጣሃ አጠገቧ ቁጭ ብሏል።

«ለጣሃስ?» አልኳት እየሳቅሁ።

«ጣሃ ማነው?»

«ተይ እንግዲህ። እትዬ የሉም፣ ወጥተዋል።»

«ኸሊዳ... ወላሂ ማንን እንደምትዪ አላወቅሁም።»

«ጉንጩን የቆነጠጥሽው ልጅ ነዋ!»

ነኢማ ጣሃ ወደተቀመጠበት አየች። ዓይኗ በላዩ አልፎ ግድግዳው ላይ አረፈ። መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ በጊዜ መጣሁ። ሰባት ሰዓት ነበር። ግቢው ጭር ብሏል፣ ሁሉም ተኝቷል። መጋረጃውን ገለጥኩ።

ዊዳድ ምሳዋን እየበላች ነው። ከጥግ፣ ከኋላዋ፣ ጣሃ ቆሟል። ያየኛል።

«ለወንድምሽ ሰጠሽው?»

«ለእናቴ ብቸኛ ነኝ» አለች።

«አሁን እኮ ሰው የለም ልጄ። እኔና አንቺ ነን።»

«ለእናቴ ብቸኛ ነኝ።»

«ዊዳድ! ወንድምሽ የት አለ?»

ጉርሻዋን ዋጠች። ዞር ብላ ጥጉን አየች፣ ተመልሳ እኔን አየች። የምትዋሽ ልጅ ፊት አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ያ ፊት አልነበረም።

«የትኛው ወንድሜ?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ጫማዬን አላሰብኩም። ዊዳድን በአንድ እጄ፣ ጣሃን በአንድ እጄ ይዤ ግቢው መሐል ወጣሁ። አሸዋው እግሬን ጠበሰኝ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ።

«እትዬ አስረሳሽ! ዋሽቻለሁ! ሁለት ናቸው! ሁለት ልጆች አሉኝ! ይኸው!»

የጣሃን እጅ ወደ ላይ አነሳሁ። ቀዝቃዛ ነበር። ግን ነበር፣ ይዤዋለሁ።

«ቤቱን ዛሬውኑ እለቃለሁ! በረንዳ ላይ እናድራለን! ሁለት ናቸው!»

እትዬ አስረሳሽ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። ከፍ ያለውን እጄን አዩ። ከዚያ ፊቴን አዩ።

«ልጄ፣ ፀሐይ መቶሻል። ግቢ።»

«ሁለት ናቸው እትዬ!»

ጠጋ አሉኝ። ነጠላውን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉት። በጣም ቀስ ብለው፣ እንደሚያዝን ሰው፦

«እሱን እኮ... ከመግባትሽ በፊት ነበር ማለት።»

ያኔ መጋረጃዎቹ ተገለጡ።

አንድ በአንድ። ከወዲያኛው ጫፍ ጀምሮ።

በየበሩ እናቶች ቆመዋል። እያንዳንዷ በአንድ እጇ አንድ ልጅ ይዛለች።

ሌላኛው እጇ ግን...

ሌላኛው እጅ ወደ ታች ወርዷል። ጣቶቹ ታጥፈዋል። ትንሽ እጅ የጨበጠ ሰው እንደሚያጥፋቸው። ሁሉም እንደዚያ ናቸው። ከእጃቸው በታች ግን ማንም የለም። አሸዋ ብቻ።

ነኢማ ለእኔ ቅርብ ነበረች። ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። ልጇ ቀሚሷን ይዛለች። ግራ እጇ እንደታጠፈ ነው።

ጣሃ ሳቀ።

ሎግያ ከለቀቅን ወዲህ ሳቁን አልሰማሁትም ነበር። ወደ ነኢማ ባዶ እጅ እያየ፣ ከእጇ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የእሱ ቁመት በሚሆንበት ቦታ ላይ እያየ፣ ሳቀ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«እማ...» አለ። «እሱም ከእኛ ጋር ይምጣ?»

ነኢማን ነበር የማየው።

ጣቶቿ ቀስ ብለው... አንድ በአንድ... ተከፈቱ።