የሚስ ዶሮቲ ሹሩባ

ይህን የምጽፍላችሁ በግራ እጄ ነው። ቀኙ ጀሶ ውስጥ ነው።

ፊደል ብገድፍ አትፍረዱብኝ... እጄን ማን እንደሰበረው ስትሰሙ ይቅር ትሉኛላችሁ።

ታሪኩ እውነት ነው። እመብርሃንን እውነት ነው! ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ፣ እኔ ግን በራሴ ላይ የደረሰውን ነው የምነግራችሁ።

ቦታው ሲያትል፣ ኖርዝጌት አካባቢ። ሰዓቱ ሁሌም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት...

ሌሊት መስሏችሁ ነበር አይደል? ሌሊት አይደለም። ዝናቡ መስኮቱን እየመታ፣ ጎረቤት ውሻውን ይዞ እያለፈ፣ በቀን በብርሃን ነው።

ማህደር እባላለሁ። በዲቪ የመጣሁ ነኝ፣ ኦቴሎ የሚባል ሰፈር ከጓደኛዬ ከፈሪዳ ጋር ነው የምኖረው። ነርስ መሆን ነው ምኞቴ። ግን የኮሌጁ የእንግሊዝኛ ፈተና ደጋግሞ ጣለኝ። የሚጥለኝ ደግሞ ሌላ ሳይሆን ያለፈ ጊዜ ነው። ፓስት እና ፐርፌክት። ትናንት ሆኖ ያለቀውንም፣ ትናንት ሆኖ ዛሬም ያለውንም አንድ ድስት ውስጥ ነበር የምጨምራቸው።

ሥራ የሰጠኝ እሴይ የሚባል ሰውዬ ነው። ሃምሳ ይሆነዋል። ቤቱን ለአዛውንት መጦሪያ አድርጎታል፣ እኛ እዚህ ፋሚሊ ሆም የምንለው። ያኔ «ጋሽ እሴይ» ነበር የምለው። አንቱ እያልኩ! አንቱታው አፈር ይብላ።

«ሚስ ዶሮቲ ዕድሜዋን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማረች ናት» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። «ሶ፣ እየሠራሽ ትማሪያለሽ፣ ያውም በነጻ። ካንቺ በፊት የነበረችው ኖላዊት እንኳን እሷ ጋ ነው የተማረችው።»

«አሁን የት ሄደች?»

«ቴክሳስ።»

ብሎ ሳቀ። ምኑ እንደሚያስቅ አልገባኝም።

ቤቱ ውስጥ አምስት አልጋ አለ። ሰው የተኛበት ግን አንዱ ብቻ ነበር።

ሚስ ዶሮቲ ዘጠና አልፏታል። የመርሳት በሽታ ይዟት የራሷን ስም እንኳን አታውቀውም። ሳበላት ዝም፣ ሳጥባት ዝም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን አንገቷን ቀና ታደርግና ከትራሷ ሥር የእንጨት ማስመሪያ ታወጣለች።

«ሲት ዳውን!»

ከዚያ በኋላ ከአፏ የሚወጣው ምሳሌ ብቻ ነው። እሷ ትላለች፣ እኔ እደግማለሁ። ከተሳሳትኩ ማስመሪያው ጣቴ ላይ ነው። ጧ! አገር ቤት በኩርኩም ተምሬ እዚህም በዱላ... ለፈሪዳ ስነግራት በሳቅ ልትሞት ነው።

የመጀመሪያ ቀን ምሳሌዋን አልረሳውም። በእንግሊዝኛ ነው ያለችው፣ እኔ በአማርኛ ላድርግላችሁ።

«እጇን ሰበረው።»

ደገምኩ።

«እጇን ሰብሮታል።»

ደገምኩ።

«አሁንም እንደተሰበረ ነው» አለች፣ በማስመሪያው የራሷን ቀኝ ክንድ እየነካች። «አልዳነም። ለዚህ ነው ሰብሮታል የምንለው።»

እኔ ሞኟ! በስንት ዓመቴ ልዩነቱ ስለገባኝ፣ ደስ ብሎኝ ግንባሯን ሳምኳት።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ሚስ ዶሮቲ ሹሩባ ተሠርታ ጠበቀችኝ።

አዎ፣ ሹሩባ። የኛው ሹሩባ። ነጭና ስስ ጸጉሯ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ተጎንጉኗል... ግን ሥራው ጠማማ ነው። አንዱ ጉንጉን ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል። አንድ እጅ ብቻ ያለው ሰው የሠራው ነው የሚመስለው።

«ጋሽ እሴይ፣ ሚስ ዶሮቲን ማን ሠራት?»

ስልኩን እያየ ነበር። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መሰለ።

«ፍቺው።»

«እንዴ፣ አምሮባት የለ?»

«ፍቺው አልኩሽ!»

ፈታሁት። በማግስቱ ተሠርቶ ጠበቀኝ። ፈታሁት... እንደገና ተሠራ።

እኔ አመሻሽ ላይ ነው የምወጣው። ቤቱ ውስጥ የሚያድረው እሱ ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ገና ጫማዬን ሳላወልቅ አንገቴን አንቆ ግድግዳው ላይ ለጠፈኝ። ጭንቅላቴ ሲጋጭ ጆሮዬ ጮኸ።

«የምትሠሪያት አንቺ ነሽ?»

«እኔ... ሹሩባ አልችልም! ማርያምን አልችልም! እኔን ራሴን ፈሪዳ ናት የምትሠራኝ...»

«ታዲያ ማን ነው?»

«ካሜራ... ከአልጋዋ በላይ ካሜራ ሰቅለው የለ? እሱን አይዩትም?»

እጁ ላላ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ትንፋሹ ይሸታል።

«አይቼዋለሁ» አለኝ በሹክሹክታ። «ማንም የለም። ጸጉሩ ብቻውን ነው የሚጎነጎነው።»

ከዚያ ኮሌታዬን አስተካከለልኝ። «ሶሪ፣ ማሂ። እንቅልፍ አጥቼ ነው።»

አውቃለሁ፣ ያኔውኑ ሮጬ መውጣት ነበረብኝ። ፈሪዳም ማታ አንገቴን አይታ «ወላሂ ነገ ብትሄጂ አላናግርሽም!» ብላኛለች። ግን የዚያን ቀን ሚስ ዶሮቲን ሳጥባት ጀርባዋን አየሁት። የጣት ምልክት። አምስቱም ጣት፣ የበለዘ፣ አንዱ በአንዱ ላይ።

ይደበድባታል። ይህችን የዘጠና ዓመት አሮጊት ይደበድባታል!

ትቻት ብሄድ ይገድላታል። ለፖሊስ ኮል ላደርግ ብል ደግሞ በየትኛው እንግሊዝኛዬ? «መታት» ልበል ወይስ «መትቷታል»? መቼ ሲሉኝ ምን ልል ነው? እሱ እዚህ አገር የኖረ፣ አፉ የሚንቆረቆር ሰው ነው። ስቆ ያስተባብለኛል። ቃሉ ከሷ አፍ መውጣት አለበት ብዬ ቆረጥኩ።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ወደዚያ ቀን እሄዳለሁ። ልብስ የማጥበው ጋራዡ ውስጥ ነው። የጋራዡ ወለል አሮጌ ነው፣ የተሰነጣጠቀ። ማሽኑ ሥር ብቻ አዲስ ሲሚንቶ ፈሷል። ልኩን ስላልጠበቀ ማሽኑ ሲዞር ይዘላል፣ ይንኳኳል።

የዚያን ቀን ማሽኑ አጥቦ ጨረሰና ቆመ።

ማንኳኳቱ ግን አልቆመም...

ከሥር ነበር። ቀስ ብሎ። ጧ... ጧ... ልክ እንደ ማስመሪያው።

ልብሱን ጥዬ ሮጥኩ። ሚስ ዶሮቲ ቀና ብላ፣ ጠማማ ሹሩባዋን እንደተሠራች፣ ማስመሪያዋን ይዛ ትጠብቀኛለች። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

«ኖላዊት ጸጉሬን ሠራችኝ» አለች።

ስሟን ስትጠራ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«ኖላዊት ጸጉሬን ሠራችኝ» ብዬ ደገምኩ።

«እኔን መታኝ። ኖላዊት አየችው። ስልኳን ቀማት። እጇን ሰበረው። በመዶሻ መታት። መታት። መታት።»

እንባዬ እየወረደ ደገምኩ። ድምጿ ግን ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለች መምህር ነው፣ አይንቀጠቀጥም።

«ደበቃት። ደብቋታል።»

ተጠጋኋት። «የት ነው የደበቃት?» ልላት ፈልጌ በእንግሊዝኛ አንሾካሾክኩ። ቃላቱ ተደበላለቁብኝ።

ጧ! «ስህተት።»

እንደገና ሞከርኩ። ጧ! ጣቴ ተሰንጥቆ ደሙ አንሶላው ላይ ጠብ አለ። ከጋራዡ በኩል የእግር ኮቴ የሰማሁ መሰለኝ።

«በናትሽ፣ ሚስ ዶሮቲ...»

«ሙሉ ዓረፍተ ነገር!»

ትንፋሼን ሰበሰብኩ። ቃል በቃል፣ ቀስ ብዬ...

«ዌር... ዲድ... ሂ... ሃይድ... ኸር?»

ማስመሪያዋን አወረደችው።

«ልብስ ማጠቢያው ሥር» አለች። «ጎበዝ።»

ቀና አልኩ። ካሜራው ሁሌም ወደ አልጋው ነበር የሚያየው። አሁን ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል።

በሩ ተከፈተ። እሴይ በአንድ እጁ ስልኩን፣ በሌላው መዶሻ ይዟል። ስልኩ ላይ የራሴን ጀርባ አየሁት።

«ትምህርት እንዴት ነው፣ ማሂ?»

«ጋሽ እሴይ... በእግዜር...»

«ጠያቂ ተማሪ ነሽ።»

መዶሻው ሲወርድ ፊቴን በቀኝ እጄ ሸፈንኩ። አጥንቴ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት፣ ሕመሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወደቅኩ። ሆዴን በእርግጫ አለኝ። ጸጉሬን ጨብጦ ጭንቅላቴን ከአልጋው ብረት ጋር አጋጨው፣ ደገመው። አፌ ደም ሞላ።

ሚስ ዶሮቲ መጮህ ጀመረች።

«መታት! መትቷታል! ሰበረው! ሰብሮታል! ደበቃት! ደብቋታል!»

«ዝም በይ! ዝም በይ አንቺ አሮጊት!»

ለቀቀኝ። ትራሷን ነጥቆ ፊቷ ላይ ጫነው። ቀጫጭን እግሮቿ ብርድ ልብሱ ውስጥ ተፈራገጡ።

በሩ ክፍት ነበር። መሮጥ እችል ነበር... እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ በሩ ሄጃለሁ። ከዚያ ከትራሱ ሥር የሷን ድምፅ ሰማሁ። አሁንም እያስተማረች ነበር።

አልጋው አጠገብ ትንሿ የኦክስጅን ሲሊንደር አለች። በግራ እጄ አንስቼ ባለ በሌለ ኃይሌ መንጋጋው ላይ አሳረፍኳት። ጥርሱ ግድግዳው ላይ ሲረጭ አየሁ። ዞሮ ሊይዘኝ ሲል ደገምኩት። ጉልበቱን ስለው ተንበረከከ። አሁንም ወደ እኔ ይሳባል። አናቱን አልኩት። ያኔ ነው የተዘረረው።

ስልኩን ከወለሉ አንስቼ ፖሊስ ጋ ደወልኩ።

ያ ያስፈራኝ እንግሊዝኛ፣ አምላክ ይመስገን፣ ከአፌ እንደ ውሃ ወረደ። ሴት ገደለ አልኩ። እጄን ሰብሮታል አልኩ። ጋራዡ ውስጥ ቀብሯታል አልኩ። አንድም ቃል አልሳትኩም። ሚስ ዶሮቲ ትራሱን ከፊቷ ገፍታ፣ እያለከለከች፣ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንገቷን ትነቀንቅልኝ ነበር።

ኖላዊትን በዚያው ቀን አወጧት። ቀኝ ክንዷ ተሰብሯል አሉ። ግራዋ ግን ሲሚንቶ ሳይገባበት ቀርቷል፣ ከላይኛው ልስን በታች ባዶ ቦታ ውስጥ ነበር። ጥፍሮቿ መሃል ነጭ ጸጉር ተገኝቷል። መርማሪዋ ይህን ስትነግረኝ ዓይኔን ማየት አቃታት። ኖላዊት ከሞተች ወራት አልፏታል፣ ጸጉሩ ግን ትናንት የተነቀለ ይመስላል ብላኛለች።

እሴይ እስር ቤት ነው። በተሰበረ መንጋጋው በገለባ ነው አሉ የሚመገበው። ይበለው!

ኖላዊትን ቀበርናት። አላውቃትም ነበር፣ ግን እንደ እህቴ አለቀስኩላት።

ሚስ ዶሮቲን ቤልቪው ወደሚገኝ ሌላ መጦሪያ ወሰዷት። ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቃት ሄድኩ። አበባ ይዤ፣ ጀሶዬን ታቅፌ። ቤቱ ንጹሕ፣ ብሩህ፣ ሠራተኞቹ ፊሊፒኖች። አንዷ ወደ ክፍሉ እየመራችኝ ሳቅ አለች።

«ጸጉሯን የምትሠሪያት አንቺ ነሽ ማለት ነው? በጣም ያምራል። እኛ እኮ ማንም አይችልበትም።»

በሩን በክርኔ ገፋሁት።

ገባሁ። ሚስ ዶሮቲ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ሹሩባው አዲስ ነው፣ ቅባቱ ገና አልደረቀም። ደግሞ አልተጣመመም። ግራና ቀኙ እኩል፣ አንድም ያልላላ፣ በሁለት ጤነኛ እጅ የተሠራ ሹሩባ።

ሰዓቱ ዘጠኝ ነበር።

«የኔን ጨርሳለች» አለችኝ።

ከዚያ በማስመሪያዋ ወደ ሌላኛው አልጋ ጠቆመችኝ። ማንም የማይተኛበት፣ አንሶላው የተወጠረ አልጋ ነው። ጠርዙ ግን ሰው እንደተቀመጠበት ጎድጉዷል። አጠገቡ ማበጠሪያ አለ።

ከፊቱ፣ ወለሉ ላይ፣ ሹሩባ የሚሠራለት ሰው የሚቀመጥበት ትራስ ተነጥፏል...