ዲስኩ ቀድሞ ያነበበው

ከምሳ በኋላ ረድኤት ሙቀቱ እንዳይገባ መጋረጃውን ትዘጋለች፤ እናቷ አስካለ ደግሞ አሮጌው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ የጎልማሶች ትምህርት የቤት ሥራዋን አንድ አንድ ፊደል እየፈለገች ትጽፋለች። ክፍሉ የጋለ አቧራ ይሸታል፤ ከጠረጴዛው ሥር፣ ጨለማው ውስጥ፣ ዲስኩ እያጉረመረመ ይዞርና አንዳንዴ ምስር እንደሚለቅም ጣት ጠቅ፣ ጠቅ ይላል።

የረድኤት ሥራ ከርነል ማፍጠን ነው፤ በፕሮግራሞቹና በዲስኩ መካከል ሆኖ ማንበብና መጻፉን የሚመራውን የኮምፒውተሩን እምብርት። አዲስ የሠራችውን የምትሞክረው በዚሁ አሮጌ ማሽን ላይ ነው።

"ምኑን ነው የምታፈጥኚው?" ብላ አስካለ ጠይቃት ነበር።

"ዲስክ ቀርፋፋ ነው፣ እማ። ከርነሉ ቀጥሎ የሚፈለገውን ገምቶ ቀድሞ ያነባል። ስትጽፊም ቶሎ 'ጽፌያለሁ' ይልሻል እንጂ ገና በሜሞሪው፣ በጭንቅላቱ በዪው፣ ይዞት ነው። ሶኬቱን አትንቀዪ የምልሽ ለዚህ ነው፤ ዲስኩ ላይ ያልሰፈረው ሁሉ ይጠፋል።"

"እንደኔ ነዋ! እኔም ሳላነብ እየገመትኩ ስል መምህሯ ትይዘኛለች።"

"ታዲያ ከማን የተማርኩት መሰለሽ?" ብላ ረድኤት ሳቀች።

አስካለም ሳቀች፤ ግን መምህሯ በያዘቻት ቁጥር ልጆቿ የሚሆኑ ተማሪዎች ፊት አንገቷን እንደምትደፋ አልነገረቻትም።

አንድ ቀን "እኔ" ብላ ጽፋ ቀጣዩን ፊደል ስትፈልግ ዲስኩ ጠቅ፣ ጠቅ አለና በሐሳቧ የነበረው ዓረፍተ ነገር ያለ አንድ ስህተት ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ሌላውም እየተከተለ ገጹን ሞላው። የልጇ አዲስ ሥራ መሰላት። ማታ ረድኤት አይታው፣ "ይሄን ሁሉ ራስሽ ጻፍሽው?" ስትላት፣ "ታዲያ ማን ይጽፍልኛል?" አለች፤ ፊቷ ጋለ። ረድኤት ለጓደኞቿ ሁሉ ስልክ እየደወለች "እናቴ እኮ ጻፈች!" ስትል፣ አስካለ ሳህኗን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ገና ያላሰበችውንም ያመጣ ጀመር። ከፊሉን አንብባ ከፊሉን ስትገምተው፣ የጓሮው በር ወደቀ ይላል፤ በሩ ግን ቆሞ ነበር። በማግስቱ ነፋስ ጣለው። ለልጇ መንገር ነበረባት፤ ግን ይህን መንገር ያንን ሁሉ ገጽ እኔ አልጻፍኩትም ማለት ነው። ነገ እነግራታለሁ እያለች፣ በሙገሳው ላይ ሙገሳ እየተቀበለች ሰነበተች።

ዛሬ ገና ጣቷን ሳታነሣ ዲስኩ ጀመረ፤ ድምፁ እንደ ወትሮው አልቸኮለም፣ ፊደሎቹም እንድታነባቸው የሚጠብቋት ይመስል ቀስ እያሉ ወጡ። አስካለ ጣቷን ስክሪኑ ላይ እየጎተተች፣ ምንም ሳትገምት፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ራሷ አነበበች።

"አስካለ አንዲት ልጅ ነበረቻት።"

'አለቻት' ሳይሆን 'ነበረቻት'፤ የወደቀው የጓሮ በር ትዝ አላት።

ከግድግዳው ማዶ ረድኤት እያንጎራጎረች ሳህን ታጥባለች። "ነይ፣ እዪልኝ" ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አስካለ አፏን ከፈተች፤ ልጇ ከላይ ያሉትን ገጾች ማሽኑ እንደጻፋቸው ስታውቅ እንዴት እንደምታያት አሰበችና መልሳ ዘጋችው። ከዚያ አንድ ነገር ታያት፤ ዓረፍተ ነገሩ ገና አሁን ነው የወጣው፣ ዲስኩ ላይ አልሰፈረም፤ ማንም ሳያውቅ ማጥፋት ይቻላል። ከጠረጴዛው ሥር ገብታ ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ ነቀለችው።

ዲስኩ ዙሩ እየቀነሰ ቆመ። ስክሪኑ ከነዓረፍተ ነገሩ ጠፋ፣ ክፍሉ ጨለመ፤ ማዶም እንጉርጉሮው መሃል ላይ ተቋረጠ።

አስካለ ከጠረጴዛው ሥር እንዳለች አዳመጠች። ቆይቶ የእግር ኮቴ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ረድኤትም እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ብቅ አለች፤ ጤነኛ፣ ሙሉ። አስካለ እያለቀሰች ልታቅፋት ተነሣች።

ረድኤት ግን አንድ እርምጃ ወደኋላ አለችና፣ ለእንግዳ በሚሰጥ ትሕትና ፈገግ ብላ፣ "ይቅርታ እማማ፣ ማንን ፈልገው ነው?" አለቻት።