ከአሥር ሦስት ያገኘችው ካሜራ

ስልኮች ፎቶ ማንሳት በቅጡ ባልለመዱበት ዘመን፣ እስክንድርያ ውስጥ በምትታተም አንዲት ትንሽ የኮምፒውተር መጽሔት ላይ ሥራዬ ዲጂታል ካሜራ መፈተን ነበር። አዲስ ካሜራ በመጣ ቁጥር ሳምንት አነሳበታለሁ፣ አንዳንዴም ከእጄ አምልጦ ይወድቅብኛል፤ ከዚያ ለፍጥነቱ፣ ለቀለሙና ለባትሪው ከአሥር ነጥብ እሰጣለሁ። አስመጪዎቹ ነጥቤን አይወዱትም። እኔም ለማንም ብዬ አልጨምርም።

በዚያ በጋ የመጣችልኝ ከሁሉም ርካሿ ነበረች። ኪስ ውስጥ የምትገባ፣ እንደ ሰርዲን ቆርቆሮ የቀለለች፣ ማንጎውን ብርቱካን የምታስመስል። ብርሃን ሲያንሳት ደግሞ ፎቶው ላይ ሰሊጥ የተበተነ ይመስላል።

ፍጥነት የምንፈትነው በወግዲ ነው። ወግዲ የመጽሔቱ አራሚ ነው፤ የትኛውም ጽሑፍ በእሱ ቀይ እስክሪብቶ ሳያልፍ አይታተምም። ጠረጴዛው ከእኔ ሦስት እርምጃ ቢርቅ ነው። ካሜራ በመጣ ቁጥር መስኮቱ አጠገብ አቆመዋለሁ፤ ሯጮች የሚለኩበትን ሰዓት ደረቱ ላይ ይይዛል፤ ሰዓቱ ልክ አሥር ሰከንድ ላይ ሲደርስ እጫናለሁ። ፎቶው ላይ የወጣው ቁጥር ካሜራው ምን ያህል እንደዘገየ ይናገራል። የእኔ ዓይን ከሰዓቱ አይነሳም። ፎቶዎቹ ላይ የማየው ወግዲ ሁልጊዜ መታወቂያ እንደሚያወጣ ሰው ኮስተር ብሎ ግድግዳውን ያያል።

እወደው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳልናገር ወደድኩት። ለዚያ ኮስታራ ፊት ምን ብዬ ልናገር?

«አርባ ጊዜ?» አለኝ የዚያን ቀን ሰዓቱን እየተቀበለኝ።

«ርካሽ ናት፤ አንዴ ትፈጥናለች፣ አንዴ ትተኛለች። አማካዩን ማውጣት አለብኝ።»

«እሺ፣ እስኪበቃሽ ፈትኚኝ። የመጨረሻችን ነው።»

«የምን መጨረሻ?»

«ኩዌት አንድ ማተሚያ ቤት ቀጥሮኛል። እሑድ እበራለሁ።»

ቀኑ ሰኞ ነበር። «እንኳን ደስ አለህ» አልኩት፤ ድምፄ ከየት እንደወጣ እኔም አላውቅም። ከዚያ አርባ ጊዜ ተጫንኩ።

ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ቁጥሮቹን መመዝገብ ያዝኩ። ይቺ ጉደኛ ከተጫንኳት በኋላ ከአንድ ሰከንድ በላይ ታስባለች። ስድስተኛው ፎቶ ላይ ስደርስ ዓይኔ ከሰዓቱ ወደ ላይ ወጣና የወግዲን ፊት አየሁት።

ግድግዳውን አያይም፤ እኔን ነው የሚያየው። ጣቴ ሲወርድ ፎቶው ተነሳ ብሎ ያስባል፤ ፊቱን ይፈታል፣ ዓይኑን ወደ እኔ ያነሳል። ሰነፏ ካሜራ የምትነቃው ያን ጊዜ ነው። ፈጣኖቹ ካሜራዎች እዚህ ድረስ ጠብቀው አያውቁም። አርባውንም አንድ በአንድ አየኋቸው። በአርባውም ላይ ያው ነው፤ የሚሳሳላትን ሰው የሚያይ ዓይን።

ብዙ ጎበዝ ካሜራ ፈትኛለሁ። ከልቤ ያመሰገንኩት ግን ይህቺን ሰነፍ ነው። የሠራት ሰው እጁ ይባረክ።

ገጽ የሚያቀናብሩልንን ማዳም ኢግላልን ጠርቼ አሳየኋቸው።

«አዲስ ነገር ያገኘሽ መስሎኝ!» አሉ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እየሰቀሉ። «እኔ ይሄን ፊት ሦስት ዓመት አይቼዋለሁ። አንቺ ዞር ስትይ ነው የሚያወጣው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አለ?»

«ምን ይበል? የሰው እጮኛን! ጨዋ ልጅ ነው።»

«የማን እጮኛ?»

በእኛ አገር የታጨች ሴት ቀለበቷን በቀኝ እጇ ታደርጋለች፤ ቀኝ እጄን አንስተው ቀለበቴን አፍንጫዬ ሥር አመጡት።

«ይሄ? ይሄማ የውሸት ነው! ሚኒባስ ውስጥ ጎረምሳ እንዳያስቸግረኝ ከመንሺያ ገበያ የገዛሁት!»

ማዳም ኢግላል ወንበር ስበው ተቀመጡ። «የኔ እናት፣ ያባረርሽው ጎረምሶቹን ብቻ መሰለሽ? እኔ እንኳ ሰውየሽ ባሕር ማዶ ነው ብዬ ስንቴ ዱዓ አድርጌለታለሁ! በይ አሁን ሄደሽ ንገሪው።»

«ምን ነካዎት ማዳም? ቀለበቴ የውሸት ነው ማለት እኮ ና ጠይቀኝ ማለት ነው።»

«ታዲያ አይምጣ?»

ወደ ስድስተኛው ፎቶ ተመለስኩ።

ረቡዕ ዕለት ግምገማዬን ጻፍኩ። ቀለም ስድስት፣ ባትሪ ሰባት፣ ፍጥነት ሦስት። ውለታ ውላልኛለች ብዬ አልዋሽላትም፤ ትዘገያለች። ስለ ፍጥነቷ በጻፍኩት አንቀጽ መሐል ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ሰካሁ፦ «የፈታኟ የቀኝ እጅ ቀለበት ከገበያ የተገዛ ማስመሰያ ነው፤ ፈታኟ ለማንም አልታጨችም።» ይህን ከማንም ቀድሞ የሚያነበው አንድ ሰው ነው። ልብ ሳይለው ካለፈ ደግሞ መላው እስክንድርያ ያነበዋል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጌ ወደ ትራሙ ሮጥኩ።

ሐሙስ ጠዋት ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ። ዓረፍተ ነገሬ በቀይ ተሰርዟል። ጎኑ ላይ «ከርዕሰ ጉዳዩ ውጭ» ይላል።

ወግዲ ወንበሩ ላይ የለም። ወረቀቱን ጨምድጄ ልጥለው ስል ጀርባው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አየሁ፦ «አባትሽ ቤት የሚገኙት መቼ ነው?»

ትንሽ ቆይቶ ወግዲ ሻይ ይዞ ገባ።

«ዓርብ፣ ከስግደት በኋላ» አልኩት።

«እሺ» አለኝ። ጆሮዎቹ ግን እስከ ቀትር ድረስ እንደቀሉ ነበሩ።

አባቴ ሸሃታ ሠላሳ ዓመት ትራም የነዳ፣ ነገር ማዞር የማይወድ ሰው ነው። ዓርብ ወግዲ ቤታችን መጥቶ ገና ከመቀመጡ ጠየቀው።

«ከልጄ ሦስት እርምጃ ርቀህ ሦስት ዓመት ተቀምጠህ፣ አንድ ቃል አልተነፈስክም?»

«የሰው መስላኝ ነበር፣ አባቴ።»

«መልካም። ቤትስ አለህ?»

«የለኝም። ኩዌት የምሄደው ለእሱ ነው፤ ለሁለት ዓመት። አትሂድ ካሉኝ ግን እቀራለሁ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እናቴ ወጥ ቤቱ በር ላይ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች።

«አንቺ ሹሩቅ፣ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም። ትጠብቂዋለሽ?»

ያን ጊዜ ማፈሬ ቀረ።

«አባዬ፣ ይመጣል ብዬ ሳላስብ ሦስት ዓመት ጠብቄዋለሁ» አልኩ። «አሁንማ አውቄ ነው የምጠብቀው።»

ወግዲ አንገቱን ደፋ፤ በመዳፉ ዓይኑን ጠረገ። አባቴ እሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ተጣራ።

«ሴትዮ፣ ሸርበት አምጪ!»

በእኛ ዘንድ የጋብቻው ነገር ሳያልቅ ሸርበት የሚባለው ጣፋጭ መጠጥ አይቀርብም። እናቴ ግን ቃሉን ሳይጨርስ ብርጭቆዎቹን ደርድራ ገባች።

«ከጠዋት ጀምሮ ተበጥብጦ ስንጠብቃችሁ እኮ በረዶው ሁሉ ሟሟ!» አለች።

ወግዲ ያን ለብ ያለ ሸርበት እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣና «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ብርጭቆውን ለእናቴ ዘረጋላት፤ እንድትደግመው።