የወጥመድ ነቃይዋ ወረቀት

ከአራዊት ጥበቃ ማኅበሩ ቢሮ ሲነሡ ሦስት ነበሩ። አንደኛው በመጨረሻው የአውቶቡስ ፌርማታ «እግሬን አመመኝ» አለ፤ ሁለተኛው የደመናውን ጥቁረት አይቶ ተመለሰ። የቀረው ወጣት በጎ ፈቃደኛ የምስክር ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ከሸሚዙ ሥር አስገባና ብቻውን ወደ ጫካው ገባ።

ወረቀቱ ከጫካው ማዶ ላለች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ በትምህርት ቤቷ ታናናሾቿን ስለ አራዊት ጥበቃ እያስተማረች አርባ የሽቦ ወጥመድ ነቅላለች። ሽልማቱ በማግስቱ ረፋድ ነው። ባለፈው ዓመት ማኅበሩ እመጣለሁ ብሎ በመቅረቱ ተማሪዎቹ ተሰልፈው ውለዋል።

ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ። የሞላው ወንዝ አንሥቶ አንከባለለው፤ የዛፍ ሥር ጨብጦ ሲወጣ ላስቲኩ ተቀዶ የወረቀቱ ቀለም ታጥቧል። ሊያለቅስ ፈለገ፤ የሚሰማው ስላልነበረ ተወው።

ዛፍ ላይ አድሮ ጎሕ ሲቀድ ሲወርድ ጎሽ ተወረወረበት። ሮጠ። አንዳች ነገር እግሩን ቆልፎ ከጉድባ ጣለው፤ ጎሹ በላዩ አለፈ። ቁርጭምጭሚቱን የያዘው ሽቦ ነበር።

የወጥመዱ ባለቤት ጩቤውን እንደ ጨበጠ መጣ።

«ድኩላ ስጠብቅ ሰው ያዝሁ! የማን ነህ?»

«የማኅበሩ ነኝ፣ አባቴ። ወጥመድ ለነቀለችው ልጅ ሽልማት ላደርስ ነው።»

«እዚሁ ብተውህ ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

አዳኙ ጩቤውን ወደ አፎቱ መለሰ። ከዚያም ተንበርክኮ ሽቦውን ፈታ።

«ልጅቱ የኔው ናት። ቤቴን ትታ አክስቷ ዘንድ ከገባች ዓመት ሞላት። አርባውንም እንዴት እንዳገኘቻቸው ጠይቃችኋታል?»

«አልጠየቅናትም።»

«ዱካ ማንበብ ያስተማርኋት እኔ ነኝ፤ ትከሻዬ ላይ አድርጌ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት!» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልዘለቀም።

ደግፎ እስከ ጫካው ዳር አደረሰው። «ከዚህ ወዲያ አልሄድም። እንዳየኸኝም አትንገራት።»

ተማሪዎቹ ተሰልፈው ነበር። ወጣቱ ባዶውን ወረቀት ሲያነሣ ሳቁ።

«ጽሑፉን ወንዝ ወስዶታል፤ እኔ ግን በቃሌ ይዤዋለሁ» አለ፤ እያንዳንዱን ቃል ተናገረ። በመጨረሻም ከራሱ ጨመረ፦ «ዱካ ማንበብን ማኅበራችን አላስተማራትም። ያስተማራትን እናመሰግናለን።»

ከጭብጨባው መካከል ልጅቱ ሽቦ የቆረጠውን የወጣቱን እግር አየች። ወረቀቱን እንደ ያዘች ወደ ጫካው ዳር ሄደች፤ እያነከሰ ተከተላት። ከመጨረሻው ዛፍ ሥር ማንም አልነበረም። አጎንብሳ ጭቃውን መረመረች።

«ብዙ ቆሟል» አለች። «ተረከዙ ጠልቋል፤ ውኃው ገና እየሞላበት ነው።»

«ልከተልሽ?»

«አንተ እግርህን አሳርፍ፣ ወንድሜ። ይህን መንገድ አውቀዋለሁ።»

ገባች። ወጣቱ ከዛፉ ሥር ተቀመጠ፤ ብቻውን ነበር፤ እስክትመለስ ድረስም ከዚያ አልተነሣም።